ወይን ጠጅና የማር ጠጅ፦ የካፋ ማርና የደረቅ መጠጥ ታሪክ

በአማርኛ ከወይን ፍሬ የሚዘጋጀው መጠጥ «ወይን ጠጅ» መባሉ ተራ የስያሜ ጉዳይ ቢመስልም ረጅም ታሪክ የያዘ ነው። የሀገሩ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውና የክቡር መጠጥ ሁሉ መለኪያ አድርጎ የያዘው ከማር የሚጣለውን ጠጅ ነበር፤ ከወይን የሚገኘውንም መጠጥ በዚያው መለኪያ ሰፍሮ፣ ከጠጅ ዓይነቶች እንደ አንዱ ቆጥሮ ሰየመው። የግሪክ ሰዎች ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ለእነርሱ መነሻውም መለኪያውም ወይን ነበር። ሆኖም በጥንታዊ ግሪክኛ ወይንን ከሚጠሩት ቃላት አንዱ የሆነው «ሜቱ» ሥሩ በሌሎች የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች ማርንና የማር መጠጥን ከሚያመለክተው ቃል ጋር አንድ በመሆኑ፣ ከወይን ሐረግ በፊት የንብ ቀፎ እንደነበረ የቋንቋው ሥር ይመሰክራል። ስለ ግሪክ ነጭ ደረቅ ወይን ጠጅ፣ ዋጋው ስለማይከብደውና በየዕለቱ ማዕድ ስለሚቀርበው መጠጥ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ የራሱን ሀገር አቻ ሲፈልግ ዓይኑ የሚያርፈው በወይን እርሻ ላይ ሳይሆን በደቡብ ምዕራቡ ጫካ፣ በተለይም በቦንጋና በካፋ ማር ላይ ነው።

«ደረቅ» የሚለው ቃል ማብራሪያ ይሻል። በወይን ጠጅ ሙያ ደረቅ የሚባለው መጠጥ በፍሬው ውስጥ የነበረው ስኳር በእርሾ ተበልቶ ወደ አልኮል የተለወጠበት፣ በምላስ ላይ ጣፋጭነት የማይተው መጠጥ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በመሠረቱ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚቀረው ስኳር ከ4 ግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ የመጠጡ ኮምጣጣነት ከፍ ሲል ግን ይህ መጠን በተወሰነ ደረጃ ከፍ እንዲል ይፈቅዳል። በኢትዮጵያ ጠጅ ቤቶችም ጠጅ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ተብሎ ይለያል፤ ለስላሳው ማሩ ገና ያልተበላ፣ ጣፋጩ የሚጎላ ሲሆን፣ ደረቁ ደግሞ ሰንብቶ ማሩ ያለቀለት፣ ጥንካሬው የሚታወቅ ነው። አንዱ ቃል በወይኑ ዘንድ ጣዕምን፣ በጠጁ ዘንድ ደግሞ በይበልጥ ጥንካሬን የሚያመለክት ቢመስልም የሁለቱ ምክንያት አንድ ነው፤ ጣፋጩ በጠፋ መጠን ጥንካሬው ይጨምራልና።

ግሪኮችና የቀይ ባሕር ዳርቻ ሕዝቦች በመጠጥ ጉዳይ መተዋወቅ የጀመሩት በቅርብ ጊዜ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዲቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ፣ መጠኑ ብዙ ያልሆነ ወይን ጠጅ እንደሚገኝበት ይዘረዝራል። ከዚያ ቀደም ብሎ የኖረው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን፣ ስለ ቀይ ባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ሲጽፍ፣ ብዙኃኑ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የተጠመቀ መጠጥ ሲጠጡ ገዢዎቻቸው ግን ማርና ውሃ የተቀላቀለበትን እንደሚጠጡ አስፍሯል። ስትራቦን የጠቀሰው ቁጥቋጦ ጌሾ ነው ለማለት ባያስደፍርም፣ በግሪክኛ የተጠራበት ስም ከጌሾ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ተክል ስም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በአራተኛው መቶ ዘመን የነገሠው የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛናም የቤጃን ሕዝብ ድል አድርጎ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በግሪክኛው ቅጂ ሳይቀር፣ ምርኮኞቹ በመንገድ ላይ ሥጋ እንደበሉ፣ ጠላ፣ ወይንና ውሃም እንደጠጡ ተመዝግቧል።

ከዚህ በኋላ ወይንና ማር በኢትዮጵያ ምድር መንገዳቸው ተለያየ። የወይን መጠጥ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ለቅዱስ ቁርባን ተጠብቆ፣ ፍሬው በማይበቅልበት አካባቢ ሁሉ ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ሲዘጋጅ ኖረ፤ በግዕዝ «ሜስ» የተባለው የማር መጠጥ ግን የቤተ መንግሥቱን አዳራሽ ያዘ። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሁለቱንም ልማዶች፣ የዘቢቡን ቁርባንና የማሩን ግብዣ፣ ገልጾ ጽፏል። ማር የግብር ዕቃ፣ ጠጅም የመኳንንት መጠጥ ሆኖ በመቆየቱ፣ ተራው ገበሬ በአብዛኛው ጠላውን እየጠጣ ማሩን ለገዢው ያስገባ ነበር። ስለዚህ የጠጅን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከብርሌውና ከአዳራሹ ይልቅ ማሩ የተቆረጠበትን ጫካና ማሩን ያወረደውን እጅ መከተል ይኖርበታል፤ ይህ መንገድ ደግሞ ወደ ካፋ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ነው።

ካፋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኝ፣ ከሀገሪቱ ክፍሎች ሁሉ ዝናብ በብዛት ከሚያገኙት አንዱ የሆነ ደጋና ወይና ደጋ ምድር ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ የሆነችው ቦንጋ፣ ከዚያ በፊትም ለዘመናት የካፋ ነገሥታት መናገሻና የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የተዘረጋውን ይህን መንግሥት «ታቶ» የሚል ማዕረግ ያላቸው ነገሥታት «ሚክሬቾ» ከተባሉ አማካሪዎች ጋር ሆነው ያስተዳድሩት ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ከቦንጋ ተነሥተው በጅማና በእናርያ በኩል፣ ዓባይንም ተሻግረው በጎጃም እስከሚገኘው የባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይዘልቁ ነበር። በዚህ መንገድ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማርና ሰም ሲጓዝ፣ ከሁሉ የከፋው የባሪያ ንግድም በዚያው መንገድ ያልፍ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። በ1843 እ.ኤ.አ. አንትዋን ዳባዲ፣ ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኋላ ካርዲናል የሆኑት ጉልየልሞ ማሳያ ወደ ካፋ ዘልቀው ስለ መንግሥቱ ለውጪው ዓለም ካስታወቁት ጥቂት አውሮፓውያን መካከል ናቸው።

የካፋ ማር ከሌላው አካባቢ ማር የሚለየው በጫካው ነው። በዚህ ምድር ንብ በብዛት የሚረባው በጓሮ ሳይሆን በረጃጅም ዛፎች ላይ በተሰቀሉ ቀፎዎች ሲሆን፣ ቀፎው ከተቦረቦረ ግንድ፣ ከዛፍ ልጥ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ድብልብል ነው። ባለሙያው በገመድ እየታገዘ፣ አንዳንዴ ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ይሰቅላል፤ ማሩ በደረሰ ጊዜም፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ በጭስ ንቡን አርቆ እንጀራውን እየቆረጠ ያወርዳል። እያንዳንዱ የጫካ ክፍልም ያለ ባለቤት አልነበረም። ከካፋ ጋር በሚዋሰነው በሸካና በአጎራባቹ ጫካዎች «ቆቦ» በተባለው ልማዳዊ ሥርዓት አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ክልል ታውቆ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይጠበቅ ነበር፤ ቀፎ ያለበትን ዛፍ መቁረጥ የሰውን ማሳ እንደ ማጥፋት ስለሚቆጠር፣ ሥርዓቱ ሳይነገርለት የደን ጥበቃ ሕግ ሆኖ አገልግሏል። በካፋ ኅብረተሰብ ውስጥ ለረጅም ዘመን የተገለሉት፣ በአደንና በጫካ ውጤት የሚተዳደሩት የማንጆ ሰዎችም ይህን የጫካ ዕውቀት ከያዙት መካከል በመሆናቸው፣ በጌቶች ማዕድ የከበረው ማር በተናቁ ሰዎች እጅ ጭምር እንደተገኘ ታሪኩ በቅንነት ሊመዘግብ ይገባል።

ማሩ የአበባውን መልክና ጣዕም ይይዛል። በካፍኛ «ቡቶ»፣ በአማርኛ «ጌተም» የተባለው ዛፍ ብዙውን ጊዜ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጥገኛ ሆኖ በቅሎ ኋላ ራሱን የሚችል ሲሆን፣ በበልግ ወራት የሚያፈካው አበባ ሲረጋ ጥጥ የሚመስል፣ ፍሬው የላመ ነጭ ማር ይሰጣል። የብሳና አበባ ማር ጠቆር ብሎ መረር ሲል፣ የግራዋ፣ የዶቅማና የቀረሮ አበባዎችም የየራሳቸውን ቀለምና ሽታ ያበረክታሉ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ነጭ ሆኖ የሚያብበው የጫካ ቡናም ለንቡ ቀለብ ነው። የወይን ጠጅ ባለሙያ አፈሩንና የወይኑን ዘር እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የካፋ ማር አዋቂም ዛፉንና ወሩን ይጠይቃል። በልማድ ነጩ ማር ለምግብና ለመድኃኒት ይመረጣል፤ ጠጅ ጣዮች ደግሞ ከነሰፈፉ የሚሸጠውን ቀይና ብጫ ማር ይፈልጋሉ፤ ዋጋውም ሽታውም ለጠጅ የሚስማማ በመሆኑ። ነጩ ማር ለጠጅ ሲውል መጠጡ ቀለሙ የሳሳ፣ ሽታው ለስለስ ያለና ንጹሕ ስለሚሆን፣ ከነጭ ወይን ጠጅ ጋር ለማነጻጸር ቅርብ የሆነው ይኸኛው ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት የካፋን ሕዝብ ከመከራ አላዳነውም። በ1897 እ.ኤ.አ. በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ባካሄዱት፣ ወራትን በፈጀ ጦርነት መንግሥቱ ወደቀ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው በ1919 እ.ኤ.አ. በግዞት አረፉ። ከጦርነቱ በኋላ በተተከለው የገባር ሥርዓት የአገሩ ሰው ለሹማምንትና ለወታደሮች ጉልበቱንና ምርቱን እንዲሰጥ ተገደደ፤ በዚያ ዘመን ማር በ«ጉንዶ»፣ ማለትም በተወሰነ የማር መያዣ ዕቃ እየተሰፈረ ይገባ ስለነበር፣ ጫካው ለሩቅ አዳራሾች ጠጅ መመገቢያ ሆነ። በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ ካፋ የገባው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ዩልዩስ ቢበር የወደቀውን መንግሥት ባህልና ሥርዓት ሰብስቦ በኋላ በሁለት ቅጽ አሳተመ። በጦርነትና በባሪያ ፍንገላ ሕዝቡ በተመናመነባቸው ሥፍራዎች ጫካው የተዉ ማሳዎችን መልሶ መሸፈኑ ይነገራል፤ ዛሬ ድንግል መስለው ከሚታዩት ደኖች አንዳንዶቹ ከዚያ ኀዘን በኋላ የበቀሉ መሆናቸውን ማወቅ ለአካባቢው ታሪክ የሚገባውን ክብር መስጠት ነው።

ማሩ ጠጅ የሚሆንበት መንገድ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይሻል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብና በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ከዚያም አንድ እጅ ማር ከሦስት እጅና ከዚያ በላይ ውሃ ጋር ተበጥብጦ ይጨመርበታል። በዚህ ደረጃ ያለው ያልፈላ የማር ውሃ «ብርዝ» ይባላል፤ አልኮል ስለሌለው ጠጅ የማይጠጡ ሰዎችም ይጠጡታል። ቅይጡ ጥቂት ቀናት ሲቆይ በማሩና በአካባቢው ያለው እርሾ ሥራውን ይጀምራል፤ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል፤ የጌሾው እንጨት ተቀቅሎ ይገባበትና ጋኑ ይከደናል። እንደ አየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ማሩ እየተበላ፣ መጠጡም እየጠነከረ ይሄዳል። ውሃው ከማሩ በልጦ፣ ፍላቱም ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ ጠጁ ደረቅ ይሆናል፤ ማሩ ከበዛ ወይም ፍላቱ ሳያልቅ ከተጠጣ ለስላሳነቱ ይቀራል። የአልኮሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 በመቶ በሚሆን ልክ ውስጥ ስለሚዋልል፣ ደረቁ ጠጅ ከደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ።

ጌሾ በጠጅ ውስጥ ያለው ድርሻ ለግሪክ መጠጥ አንድ አስተማሪ ንጽጽር ይከፍታል። ጌሾ ለጠጁ መራራ ቅመም ከመሆኑም በላይ የማሩን ጣፋጭነት ይገታል፤ መጠጡም ልዩ ጠረኑን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ግሪኮችም በጥንት ዘመን ወይናቸውን የሚያከማቹበትን እንስራ በጥድ ሙጫ ይለቀልቁና ይደፍኑ ነበር፤ ሙጫው ወደ መጠጡ ገብቶ የሰጠው ጣዕም ከጊዜ በኋላ ስለተወደደ፣ እንስራው ቀርቶ በርሜልና ጠርሙስ ከመጣም በኋላ ሙጫው ሆን ተብሎ ይጨመር ጀመር። «ሬትሲና» የተባለው ይህ ነጭ ደረቅ ወይን ጠጅ በአብዛኛው የሚሠራው በአቲካ ምድር ድርቅን ችሎ በብዛት ከሚበቅለው «ሳቫቲያኖ» ከተባለው የወይን ዘር ሲሆን፣ ዋጋው ዝቅ ያለ በመሆኑ የተራው ሰው ማዕድ መጠጥ ሆኖ ኖሯል፤ ስሙም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለግሪክ ብቻ የተጠበቀ ነው። በሳንቶሪኒ ደሴት የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ፣ ሐረጉ እንደ ቅርጫት ተጠምጥሞ ከነፋስ እየተከለለ የሚበቅለው «አሲርቲኮ» ግን ኮምጠጥ ያለ፣ ይበልጥ የተከበረና ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ጌሾና የጥድ ሙጫ በሁለት ሩቅ አገሮች ለአንድ ዓይነት ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ሁለቱም የአገር ዛፍ የአገርን መጠጥ መለያ እንዴት እንደሚያትም ያሳያሉ።

ደረቅ መጠጥን በአግባቡ ማጣጣምም በሁለቱም ባህሎች ሥርዓት አለው። የግሪክ ነጭ ደረቅ ወይን ጠጅ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ልክ ቀዝቅዞ ይቀርባል፤ ኮምጣጣነቱ ዘይትንና ጨውን ስለሚያለዝብ ከተጠበሰ ዓሣ፣ ከወይራ ፍሬና ሎሚ ከተጨመቀባቸው ምግቦች ጋር ይስማማል። ይህ መመሪያ ለኢትዮጵያ ማዕድ ሲተረጎም፣ በጾም ወራት ለሚበላው ዓሣ ጥብስ፣ ለጎመንና በዘይት ለተሠሩ ወጦች እንዲህ ያለው መጠጥ የተመቸ ነው ማለት ይሆናል፤ በባቱ አካባቢ ከሚበቅለው ወይን የሚዘጋጀው ነጭ ወይን ጠጅም ለዚህ አገልግሎት በአገር ውስጥ ይገኛል። ደረቁ ጠጅ ደግሞ ከቅቤ ጋር የተዋጣለት ነው። ከቆጮ ጋር የሚቀርብ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ ወይም በኮረሪማ የታሸ ንጥር ቅቤ የገባበት ምግብ በጠጁ መራራነት ይመጣጠናል፤ ቆጮ ደግሞ የካፋ ሕዝብ ዋና ምግብ ከሚዘጋጅበት ከእንሰት የሚገኝ፣ ኮረሪማም በካፋ ጫካ በራሱ የሚበቅል በመሆኑ፣ ማዕዱና መጠጡ የአንድ ምድር ልጆች ናቸው። ጠጁ በጣም ሳይቀዘቅዝ፣ በጥላ ቤት በሰነበተ ጋን ልክ ብቻ በርዶ፣ አንገቱ በቀጠነው ብርሌ ቢቀርብ ጠረኑ ተሰብስቦ ለአፍንጫ ይደርሳል። ጠጪው በመጀመሪያ ብርሌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቀለሙን ይመልከት፤ ቀጥሎም በትንሹ ተጎንጭቶ ማሩ በሽታ እንጂ በጣፋጭነት መቅረቱን፣ የጌሾው ምሬትም ከጎሮሮ ላይ ሳይቧጥጥ መጥፋቱን ይመዝን። ፈጥኖ የሚጠጣ ሰው ከደረቅ ጠጅ የሚያተርፈው ስካሩን ብቻ ነው።

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የካፋ ማር ዕጣ በሁለት አቅጣጫ ተለውጧል። በ1975 እ.ኤ.አ. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የገባርን ጭቆና ሲያስቀር፣ እንደ ቆቦ ያሉት የደን ይዞታ ልማዶችም ሕጋዊ መሠረታቸውን አጡ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በቦንጋ ዙሪያ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር የአካባቢው ማኅበራት ጫካውን እየጠበቁ ማሩን፣ ቡናውንና ቅመሙን እንዲጠቀሙ በማድረግ የቀድሞውን ሐሳብ በአዲስ መልክ መለሰው። በ2008 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ማራቸውን ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲያስገቡ ከተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ ገባች፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ የካፋን ደን የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ሥፍራ አድርጎ መዘገበው። በአንጻሩ የሻይና የቡና እርሻ፣ ሰፈራና የእህል ማሳ ደኑን ከዳር እየገፉት ናቸው፤ የማር ዋጋ መናርም በየከተማው አንዳንድ ጠጅ ጣዮች በማር ፈንታ ስኳርና ቀለም እንዲጠቀሙ አድርጓቸዋል። እንዲህ ያለው መጠጥ ርካሽ ቢሆንም ጠጅ አይደለም፤ የአበባው ሽታ የሌለበት፣ ከየትኛውም ጫካ ያልመጣ ፈሳሽ ነውና።

የግሪክ ተራ ወይን ጠጅ ርካሽም ታማኝም ሆኖ ሊቆይ የቻለው ወይኑ በሰፊው ስለሚተከልና ስሙ በሕግ ስለተጠበቀ ነው። የካፋ ደረቅ ጠጅም ከመኳንንት አዳራሽ ወጥቶ በተራው ሰው ማዕድ ላይ በእውነተኛ ማርነቱ እንዲሰነብት ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም የቆመ ጫካና የታመነ ስም ናቸው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ማረሻ ሳይነካው፣ ማዳበሪያም ሳይሻ በየዓመቱ ምርት ይሰጣል፤ የወደቀ ቡቶ ግን ነጩን ማር ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጠጅ የሚገዛ ሁሉ ማሩ ከየት ጫካና ከየትኛው አበባ እንደመጣ ይጠይቅ፤ ሕግ የሚያወጡትም የካፋን ማር በስሙና በምድሩ ይጠብቁት። ወይንን በጠጅ ስም የጠራ ሕዝብ መለኪያው የነበረውን መጠጥ አርክሶ ሊያስቀር አይገባውም።